እድር «ማን ገደለው?» ብሎ አይጠይቅም

ይህ ጽሑፍ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ፣ ከሥራ በቀጥታ፣ ድካማችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ገጠር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ክትባት ነበር። ክትባቱን በበረዶ የሚይዘውን ሣጥን አንግተን ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር እንሄዳለን። ከዚያ አንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠን እስኪመሽ እንከትባለን። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት እናት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እያቀፈች «ይሄ ልጅ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ቢሆን እኔ ማን አለኝ?» አለችኝ። እኔም «አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም» አልኳት። ወረፋው ረጅም ነበር። ልጁን ከተብኩትና ቀጣዩን ጠራሁ።

ልጁ ምንም አልሆነም። በሚቀጥለው ወር ሲስቅ አይቼዋለሁ። መልሴ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እሷ «ይጎዳዋል ወይ?» አላለችኝም። «ማን አለኝ?» ነው ያለችኝ። እኔ ያልጠየቀችኝን መለስኩላት። ለጠየቀችኝ መልስ አልነበረኝም። «እንዲህ የሚል ሕግ አለ፣ እዚህ ቢሮ ሂጂ» የምላት ነገር በአገሩ አልነበረም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ጥያቄ ነው። በክትባት የተጎዳ ሰው «ጥፋተኛውን ፈልገህ አምጣ» ሳይባል ካሳ የሚያገኝባቸው ሕጎች በዓለም ላይ አሉ። አንዱ እዚሁ እኛ ከምንኖርበት ብዙም ሳይርቅ ይሠራል። አብዛኞቻችን ግን ሰምተነው አናውቅም።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ በክትባት አምናለሁ። ልጆቼን በሙሉ አስከትቤአለሁ። አያቶቻችን ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ እንደነበረ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ኢትዮጵያ ፈንጣጣ በመጨረሻ ከጠፋባቸው አገሮች አንዷ ናት። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ የመጨረሻው ታየና በሽታው ከዓለም ጠፋ። ይህን ያደረገው ክትባት ነው።

ቃሉም የራሳችን ነው። «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ክትባትም ክንድ ላይ ተጭሮ የሚቀር ጽሑፍ ነው። በሰው ልጅ አካል ላይ የምንጽፍ ከሆነ፣ ለጻፍነው መፈረም አለብን ብዬ አስባለሁ።

ክትባት እንግዲህ መድኃኒት ነው። አብዛኛው ሰው ትኩሳትና የክንድ ሕመም ብቻ ያገኘዋል፤ በሁለት ቀን ያልፋል። ከአንድ ሚሊዮን ዶዝ በአንዱ ገደማ ከባድ አለርጂ ይነሣል። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ደግሞ እጅግ አልፎ አልፎ ኃይሉን መልሶ ያገኝና ራሱ ልጁን ሽባ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሰጥ 2.7 ሚሊዮን ዶዝ አንድ ገደማ ነው ይላል። ጤና ሚኒስቴር ይህን ቁጥር አይቶ ዘመቻውን ቢቀጥል ልክ ነው። ጠብታው ባይኖር በፖሊዮ ሽባ የሚሆኑት በሺዎች ነበሩ። ያቺ እናት ግን ያላት ልጅ 2.7 ሚሊዮን አይደለም። አንድ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የተለመደው የካሳ ሕግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አጠፋ?» ብሎ ነው። ሹፌር ቀይ መብራት ጥሶ ቢገጭህ ጥፋተኛ አለ። ሐኪም መርፌ ተሳስቶ ቢወጋህ ጥፋተኛ አለ። በክትባት ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የለም። ነርሷ በደንብ ሠርታለች። ፋብሪካው በደንብ አምርቷል። መንግሥትም ያዘዘው የሕዝብ ጤና ብሎ ነው። ሁሉም ልክ ሠርቶ ልጁ ተጎዳ። ሕጉ ታዲያ «ያጠፋ ሰው የለም» ይልና እናትየዋን ባዶ እጇን ይመልሳታል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ እድር ያላችሁ እጃችሁን እስቲ አውጡ። አያችሁ? ሁላችንም ማለት ይቻላል። ውቅያኖስ ተሻግረን እንኳ እድራችንን አልተውንም። እድር ሰው ሲሞት «ማን ገደለው? ራሱ ነው ያጠፋው ወይስ ሐኪሙ?» ብሎ ሲመረምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይመረምርም። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ሁላችንም በየወሩ የምናዋጣው ሐዘኑ የማን ደጅ እንደሚመጣ ስለማናውቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንል የለ? የማወራችሁ ሕግ ይኸው ነው። የክትባት እድር ነው።

አገር ቤት መኪና የነዳችሁም ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ሦስተኛ ወገን የሚባለውን መድን ያልገባ መኪና መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይለዋል፣ በኛ አቆጣጠር። ገጪው አምልጦ ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው የሚካስበት የመድን ፈንድ አለ። መኪና ለሁላችንም ስለሚያስፈልግ፣ መኪና የሚያመጣውን ጉዳት ሁላችንም በጥቂት በጥቂቱ እንሸከመዋለን። ስለዚህ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ክትባት ላይ አላዋልነውም እንጂ።

ይህን ሕግ ቀድማ ያወጣችው ጀርመን ናት። የፈንጣጣ ክትባት እዚያ ግዴታ ነበር። በ1953 የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት መንግሥት አስገድዶ ባስከተበው ሰው ላይ ለደረሰው ጉዳት ካሳ ይከፈል አለ። በ1961 ደግሞ ጉዳዩ በሕግ ተጻፈ። ዳኞቹ የተመረኮዙበት ሐሳብ ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከፕሩሲያ ሕግ የመጣ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከሌላው የበለጠ መሥዋዕት እንዲከፍል የተደረገ ሰው ሊካስ ይገባዋል ይላል። መሥዋዕት የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ወታደር ለአገር ሲቆስል ጡረታ እናስብለታለን። ክንዱን ለክትባት የሰጠውንም እንዲሁ አዩት።

ከጀርመን ቀጥሎ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ እንግሊዝ፣ ኒውዚላንድ ተከተሉ። እስራኤልም በ1989 የክትባት ተጎጂዎችን የሚመለከት የራሷን ሕግ አውጥታለች፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው። ሁሉንም አልዘረዝርም። የኛ ኑሮ እዚህ ስለሆነ የአሜሪካኑን ታሪክ ጠለቅ ብለን እንየው። ሕጉ የተወለደው በብዙ ሕመም ነው።

በ1955 ሚያዝያ ላይ የፖሊዮ ክትባት ይሠራል ተብሎ ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን ደወል የተደወለበት ከተማ ነበረ። ወላጆች አለቀሱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሊ ያለው የከተር ፋብሪካ ካመረተው ክትባት በአንዳንዱ ውስጥ ቫይረሱ ሳይሞት መቅረቱ ታወቀ። 40,000 ያህል ልጆች ቀለል ያለ ፖሊዮ ያዛቸው። የተከተቡትና ከእነሱ የተጋባባቸው ተደምረው 200 ያህል ሰዎች ሽባ ሆኑ። 10 ሰዎች ሞቱ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ከተራ ሰዎች የተውጣጣው ፈራጅ ጉባኤ፣ ጁሪው፣ ኩባንያው ቸልተኛ አልነበረም አለ። በጊዜው የሚታወቀውን ሁሉ አድርጓል። ቢሆንም ካሳ ይክፈል አለ። እነዚያ ተራ ሰዎች ልባቸው የነገራቸው ነገር ይገባኛል። ልጁ ፊታቸው ተቀምጧል። ባዶ እጁን መመለስ አልቻሉም። ሕጉ ግን ሌላ መንገድ ስላልሰጣቸው ሸክሙን በሙሉ አንድ ኩባንያ ትከሻ ላይ አደረጉት።

በ1976 ደግሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፎርት ዲክስ በሚባል የጦር ሰፈር የአሳማ ጉንፋን ታየ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ሕዝቡ በሙሉ ይከተብ አሉ። የመድን ድርጅቶች «እኛ ይህን አንሸከምም» ብለው እምቢ አሉ። ኮንግረሱ ነሐሴ ላይ ተጠያቂነቱን መንግሥት ይውሰድ የሚል ሕግ አወጣ። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ። ከዚያ ጊላን ባሬ የሚባል፣ ነርቭን እያጠቃ እግርና እጅን የሚያልፈሰፍስ ሕመም ከተከተቡት ከ100,000 ሰው በአንዱ ገደማ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ታየ። ዘመቻው ታኅሣሥ ላይ ቆመ። የተፈራው ወረርሽኝም አልመጣም። ክሱ ግን ዓመታት ፈጀ።

ሦስተኛው ነገር ነው ሕጉን ያመጣው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ወላጆች ልጆቻችን በትክትክ ክትባት አእምሯቸው ተጎዳ ብለው ከሰሱ። በቲቪ ታየ፣ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ክሱ በመቶዎች ሆነ። ኩባንያዎቹ አንድ በአንድ ማምረት አቆሙ። ክትባት ጠፋ። ሐኪሞች ያለችውን ለየትኛው ልጅ እንደሚሰጡ መምረጥ ጀመሩ።

እውነቱ ምን ነበር? ይህ ነው ልብ የሚነካው። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች በትክትክ ክትባት ተጎዱ ከተባሉ ሰዎች የጥቂቶቹን ጂን መረመሩ። አብዛኞቹ ድራቬት የሚባል፣ ከጂን ለውጥ የሚመጣ ከባድ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተገኘ። ክትባቱ ትኩሳት አምጥቶ የመጀመሪያውን መጣል ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል። በሽታው ግን ከልጁ ጋር የተወለደ ነው። ያኔ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናትየው አልዋሸችም። ሐኪሙም አልዋሸም። እንዲህ ያለውን ነገር በጠብ መፍታት ሁለቱንም ወገን ያቆስላል።

ስለዚህ በ1986 የማይገናኙ የሚመስሉ ሰዎች አንድ ላይ ቆሙ። የተጎዱ ልጆች ወላጆችና የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሁለቱም ሕግ ይውጣ አሉ። ፕሬዚዳንት ሬገን ኅዳር ላይ ፈረሙበት። በጥቅምት 1988 ሥራ ጀመረ።

እንዴት እንደሚሠራ በቀላሉ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ክትባት ሲሸጥ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ 75 ሳንቲም ቀረጥ ይከፈላል። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ሦስት በሽታ ስለሚከላከል 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ገንዘቡ አንድ ፈንድ ውስጥ ይገባል። ይህ ነው የእድሩ መዋጮ። ልጃችሁን ስታስከትቡ እናንተም አዋጥታችኋል ማለት ነው።

የተጎዳ ሰው ክሱን የሚያቀርበው ለፌዴራል የካሳ ፍርድ ቤት ነው። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች በየቀኑ ታልፉበታላችሁ። ከዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ላፋየት አደባባይ ጥግ ላይ ያለው ሕንፃ ነው። ጉዳዩን የሚያዩት ለዚህ ሥራ ብቻ የተሾሙ ልዩ ዳኞች ናቸው። ጁሪ የለም። አንድ ሠንጠረዥ አላቸው። ይህ ክትባት፣ ይህ ጉዳት፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚል። ጉዳትህ ሠንጠረዡ ውስጥ ከገባና ጊዜው ከገጠመ ክትባቱ እንዳመጣው ይቆጠርልሃል፤ አይደለም የሚል ወገን እሱ ያስረዳ። ሠንጠረዡ ውስጥ ከሌለ ደግሞ በሐኪም ማስረጃ ማስረዳት ይቻላል።

እስካሁን የተከፈለው ካሳ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ብዙ ይመስላል። ከተሰጠው ክትባት ጋር ሲተያይ ግን ካሳ ያገኘው ከአንድ ሚሊዮን ዶዝ አንድ ሰው ያህል ነው። ይህን ቁጥር ለሚፈሩ ጎረቤቶቻችሁ ንገሩልኝ። የተጎዳውን ሳይደብቁ ስለ ክትባት ደኅንነት መናገር የሚቻለው እንዲህ ነው።

አሁን ለራሳችሁ የሚሆነውን ስሙኝ። ብዙዎቻችሁ ነርሲንግ ሆምና ሆስፒታል ውስጥ ትሠራላችሁ። በየዓመቱ መጸው ሲመጣ የጉንፋን ክትባት ተከተቡ ትባላላችሁ። የወቅቱ የጉንፋን ክትባት በዚህ ሕግ ይሸፈናል። መርፌው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ የትከሻ መገጣጠሚያ ውስጥ ቢገባ ትከሻው ይቆስላል። ክንድ ወደ ላይ አልነሣ ይላል፤ ሌሊት ያስለቅሳል። ይህ ከ2017 ጀምሮ ሠንጠረዡ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች ትልቁን ድርሻ የያዘው እሱ ነው። ስንቶቻችን «እርጅና ነው፣ በሽተኛ ማንሣቱ ነው» ብለን ችለን ዝም ብለናል?

ጉዳቱ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ወይም ሆስፒታል አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ያስደረገ መሆን አለበት። ማመልከቻው የመጀመሪያው ምልክት ከታየ በሦስት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ሰው ሞቶ ከሆነ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ዜግነት አይጠየቅም። ጠበቃውን ደግሞ ከኪሳችሁ አትከፍሉም። ጉዳዩ በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የቀረበ ከሆነ ብትሸነፉ እንኳ ለጠበቃው የሚከፍለው ፈንዱ ነው። ከካሳችሁም ላይ አይቆረጥም። «ጠበቃ የት አባቴ አመጣለሁ?» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ደጋግሜ የምናገረው።

ሕጉ እንከን የለውም አልልም። ለሕመምና ለሥቃይ የሚከፈለው ጣሪያ 250,000 ዶላር ነው። በ1986 የተጻፈው ቁጥር እስከ ዛሬ አልተነካም። የ1986ቱን የቤት ኪራይና የዛሬውን አስቡት። ልዩ ዳኞቹ ከስምንት እንዳይበልጡ ሕጉ ይከለክላል፤ ስለዚህ ሰው ዓመታት ይጠብቃል። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ክትባቱ በተሻለ መንገድ ሊሠራ ይችል ነበር» ብሎ አምራቹን መክሰስ አይቻልም አለ። ስለዚህ የዚህ ፍርድ ቤት በር ጠባብ ከሆነ ተጎጂው ሌላ መውጫ ብዙም የለውም። እኔ በሩ ይስፋ ከሚሉት ወገን ነኝ።

የኮቪድ ክትባት ደግሞ በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ይህ ያናድደኛል። እሱ ለአስቸኳይ ጊዜ በወጣ ሌላ ሕግ ሥር ነው። እዚያ ማመልከቻው ከተከተባችሁበት ቀን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልገባ አለቀ። የጠበቃ ክፍያ የለም። ለሥቃይ የሚከፈል የለም። ቅር ያለው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ይግባኝ ማለት አይችልም። ከ10,000 በላይ ሰው አመልክቶ ካሳ ያገኙት ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው። በዚያ ወቅት በሽተኛ ስታነሡ፣ ሱቅ ስትከፍቱ፣ አየር ማረፊያ ስትሠሩ የነበራችሁ እናንተ ናችሁ። ለሁሉም ሲባል ተከተቡ ተባላችሁ፤ ተከተባችሁ። እድሩ ግን በግማሽ የተሠራ ነበር።

«ክትባት ኦቲዝምን፣ የልጅን እድገትና ከሰው ጋር መግባባቱን የሚነካውን ችግር፣ ያመጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከ5,000 በላይ ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ እዚሁ ፍርድ ቤት አቅርበዋል። ዳኞቹ ለናሙና የተመረጡትን ጉዳዮች ለረጅም ጊዜ ሰምተው፣ የሁለቱን ወገን ሊቃውንት ጠይቀው፣ በ2009 እና በ2010 ክትባት ኦቲዝም አያመጣም ብለው ወሰኑ። ከፍርድ ቤቱ ውጭ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም ያንኑ ይላሉ። ይህ ወሬ ግን ጎረቤቶቻችንን ጎድቷል። በ2017 ሚኒሶታ ውስጥ ኩፍኝ 75 ሰው ያዘ። አብዛኞቹ የሶማሌ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ነው የፈሩት። አልወቅሳቸውም። ኩፍኝ ግን ሕፃን ይገድላል።

ሌሎች አገሮችን በአጭሩ ላንሣ። እንግሊዝ በ1979 ባወጣችው ሕግ ተጎጂው በአንድ ጊዜ 120,000 ፓውንድ ያገኛል። ግን አካለ ስንኩልነቱ 60 በመቶ ካልሞላ አንድ ሳንቲም የለም። 55 በመቶ የተጎዳ ሰው ምን ይብላ? ስዊድን ውስጥ በ2009 ለአሳማ ጉንፋን በተሰጠ ክትባት ምክንያት ልጆችና ወጣቶች ናርኮሌፕሲ ያዛቸው። ክፍል ውስጥ፣ ምግብ ላይ ድንገት እንቅልፍ የሚጥል ሕመም ነው። ይህን ቀድመው አይተው የተናገሩት የስዊድንና የፊንላንድ ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው። የስዊድን መንግሥትም በ2016 እስከ 10 ሚሊዮን ክሮና የሚደርስ ካሳ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የሚደበቅ ነገር አልነበረም። እኔ እንዲህ ያለ አገር የሚሰጠኝን ክትባት በደስታ እወስዳለሁ።

አሁን ወደ አገር ቤት።

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ቦሌ አየር ማረፊያ 2.2 ሚሊዮን ያህል ዶዝ የኮቪድ ክትባት ገባ። የመጣው ኮቫክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ቸብ ከሚባል የመድን ኩባንያ ጋር አንድ ውል ተፈራርሞ ነበር። ለ92 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮችና ግዛቶች የተዘጋጀ፣ ጥፋተኛ የማይፈልግ የካሳ መርሐ ግብር ነው። ኢትዮጵያ ከ92ቱ አንዷ ናት። ገንዘቡ የመጣው በእያንዳንዱ ዶዝ ላይ ከተጣለ ትንሽ መዋጮ ነው። በኮቫክስ ክትባት ምክንያት ዘላቂ ጉዳት የደረሰበት ወይም የሞተበት ቤተሰብ በኢንተርኔት አመልክቶ፣ የሐኪም ማስረጃ አያይዞ ካሳ መጠየቅ ይችላል ተባለ። ካሳውን ሲቀበል ሌላ ክስ ላያነሣ ይፈርማል። ለዓለም እንዲህ ያለው ነገር የመጀመሪያው ነበር።

ትልቅ ነገር ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼን፣ አብረውኝ የተማሩ ነርሶችን ጠየቅሁ። አንድም የሰማ አላገኘሁም። ክትባቱን ራሳቸው የሰጡ ሰዎች ናቸው። ዋርካው ሥር ያገኘኋት እናት በኢንተርኔት ማመልከቻ እንዴት ትሞላለች? የሐኪሙን ማስረጃ ከየት ታመጣለች? መብት ተሰጥቶ ካልተነገረ፣ ለእሷ እንዳልተሰጠ ነው።

የኮቪዱም ቢሆን ለኮቪድ ብቻ የታሰበ ነበር። ለኩፍኙ፣ ለፖሊዮው፣ በየሳምንቱ ለሚሰጠው ክትባት የተባለ ነገር የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቁጥር 2085 ዕቃ አምርቶ የሚሸጥ ሰው ዕቃው ላመጣው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን አምራቹ ህንድ ወይም አውሮፓ ነው። እናትየዋ ወረዳ ከተማ ድረስ የምትሄድበት የመኪና ብር እንኳ የላትም። በ2018 በተደረገ ቅኝት ከ194 የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች የክትባት ካሳ ሥርዓት የነበራቸው 25 ብቻ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ በ2021 ለኮቪድ ክትባት የራሷን አቋቁማለች። አፍሪካዊት አገር ልትሠራው እንደምትችል ያሳየናል።

አንድ ወዳጄ፣ እሱም የጤና ባለሙያ ነው፣ «ካሳ አለ ብለህ ብታውጅ ሕዝቡ ‹አሃ፣ ይገድላል ማለት ነው› ብሎ አይሸሽም?» ብሎኛል። ሥጋቱ ይገባኛል። ግን ሰው ሞኝ አይደለም። ጎረቤቱ ልጅ ከክትባት በኋላ ሲታመም ያያል። መንግሥት ዝም ሲል ወሬው በራሱ እግር ይሄዳል። «እውነት ነው፣ ተጎድቷል፤ እንዲህ ያለው ከሚሊዮን አንድ ነው፤ ቤተሰቡን ደግሞ እየደገፍን ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ግን ወሬው አቅሙን ያጣል። ሦስተኛ ወገን መድን ስላለ መኪና መሳፈር የተወ ሰው አለ?

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ገጠር ውስጥ ልጅ ሲታመም መዝገብ የለም። በምን እንደታመመ፣ በምን እንደሞተ የሚጻፍበት ወረቀት የለም። ክትባቱ ይሁን ወባው ማን ይለያል? ለዚህ ነው የሠንጠረዡን ሐሳብ የምወደው። ይህ ክትባት፣ ይህ ምልክት፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ከሆነ ይካስ። አንዳንዴ ክትባቱ ላላመጣው ሕመም ይከፈላል። ይከፈል። ስንት ልጅ ያተረፈ ሥራ ለአንድ የታመመ ልጅ በስሕተት ቢከፍል ምን ይጎዳል? መነሻውም ከባዶ አይደለም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከክትባት በኋላ የሚከሰት ጉዳትን ይመዘግባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ከጉዳት ምዝገባው ወደ ካሳው የሚያሻግር መንገድ ነው የጎደለው።

ገንዘቡስ? በእያንዳንዱ ዶዝ ላይ ጥቂት ሳንቲም ይጨመር። ክትባት በነፃ የሚልኩልን ድርጅቶች ለኮቪዱ አድርገውታል፤ ለኩፍኙስ ለምን አይሆንም? በየስብሰባው የምጠይቀው ይህንን ነው። እናንተም አገር ቤት ሄዳችሁ ባለሥልጣን የምታገኙ፣ ከጤና ሚኒስቴር ጋር የምትሠሩ ሐኪሞች፣ እባካችሁ ጠይቁልኝ።

ንግግሬን ጨርሼ ወንበር ስናነሣ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። ነርሲንግ ሆም ነው የሚሠሩት። ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ይዘዋል። «ልጄ፣ ይሄ ትከሻዬ የጉንፋኑን መርፌ ከተወጋሁ ወዲህ አልነሣ ብሎኛል። ፀጉሬን የምትሠራኝ ልጄ ናት» አሉኝ። ሐኪም አይቷቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አይቷቸዋል፤ ወረቀቱም አለ። መቼ እንደተወጉ ጠየቅኳቸው። ካቻምና፣ ልጃቸው ከመዳሯ አንድ ሳምንት በፊት ነው። በጣታችን አብረን ቆጠርን። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ገና ጊዜ አላቸው። ሰኞ ጠዋት ከሥራ ሲወጡ እኔ ቤት መጥተው ጠበቃው ጋ አብረን ልንደውል ተቀጣጥረናል።